ጭዱ የት ሄደ

ቡርቃ ጨፌ ከሸነን ከተማ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ሁለት ወፍጮ ቤት፣ አንድ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የጴንጤ ጸሎት ቤት፣ ቁጥሩን ማንም በውል የማያውቀው ኮሚቴ አላት። በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ደግሞ ያልተመረገ ትምህርት ቤት ነበራት። ቋሚው ቆሟል፣ ማገሩ ታስሯል፣ ቆርቆሮው ተመቷል፤ የቀረው ጭቃው ነው። ጭቃው በሕዝብ ተሳትፎ ይሠራል ተባለ። የሕዝብ ተሳትፎ ማለት ሹሙ በሪፖርት፣ ሕዝቡ በጭቃ የሚሳተፍበት አሠራር ነው።

ሥራው በአንድ ለአምስት ተደለደለ። አንድ መሪ፣ ከሥሩ አምስት ቤት፣ ለየቡድኑ አንድ ግድግዳ። የሦስተኛው ቡድን መሪ ጉዴ ናት። በገበያ ቀን ሸነን ሄዳ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ እሑድ ጸሎት ቤት ትዘምራለች፤ መሪነቱን ያገኘችው ምርጫው ላይ ዘግይታ በመድረሷ ነው። ስሟ በኦሮምኛ ትልቅነትን የሚመኝ ስም ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ስትጠራ ሲሰማ አንድ ነገር የደረሰባት ይመስለዋል።

ሰኞ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሮማ የጭቃው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆመ። ጫማው አዲስ ስለነበር ከዚያ ወዲያ አልቀረበም።

«ከዛሬ ጀምሮ ጭድ ከቀበሌ አይሰጥም» አለ። «እያንዳንዱ ቡድን ጭዱን ራሱ ፈልጎ ያመጣል። የግድግዳው ብዛት ግን እንዳለ ነው። ዓርብ የበላይ አካል መጥቶ ያየዋል።»

ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ተነክረው ጭቃ የሚረግጡት ኦቦ ዲንሳ ቀና አሉ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ የጉዴ ቡድን አንጋፋ ናቸው፤ ማክሰኞ ጠበል፣ ረቡዕ ጾም፣ የቀረውን ቀን ነገር የሚወዱ ሰው።

«ጭዳችንስ?» አሉ።

«የትኛው ጭድ?»

«ጥር ላይ ያዋጣነው። ከየቤቱ ሁለት ሁለት ሸክም። እዚያ ጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ቤት አክሎ ተከምሮ የነበረው።»

«እሱ ለሌላ የልማት ሥራ ውሏል። የወሰነው የበላይ አካል ነው።»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «የበላው አካል ማን ነው?»

ጉድጓዱ ውስጥ ሳቅ ተነሳ። ጭቃ ውስጥ ያለ ሰው ሲስቅ ወገቡን የሚይዝበት ንጹሕ እጅ የለውምና ሳቁ ረዘም ይላል። ጋሮማ አልሳቀም። «ይ»ዋን እንዴት እንደዋጧት ልብ ብሎ፣ አዛውንቱን በዓይኑ መዝግቦ ሄደ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ጭድ የሌለበት ጭቃ እርጥብ ሳለ ያምራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ይወርዳል፤ እንደ ምርጫ ሰሞን ቃል ነው። ጭድ በኦሮምኛም ጪዲ ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ያለ ኮሚቴ ከተስማሙባቸው ነገሮች አንዱ። መስከረም ላይ ግን በየትኛውም ቋንቋ ጭድ የለም። ያምናው በከብት ሆድ አልፏል፤ የዘንድሮው ጤፍ ገና አረንጓዴ ሆኖ ማሳ ላይ ይወዛወዛል።

ሕዝቡ ተበተነ። ከዶሮ ቆጥ ሥር ያለው ተጠረገ፣ የአሮጌ አውድማ ዳር ተፋቀ፣ ዕብቅ ከጥቀርሻ ጋር ተቀላቅሎ በጆንያ መጣ። አንደኛው ቡድን የአህያ ኮርቻ ፈትቶ በውስጡ ያገኘውን አመጣ። ማክሰኞ ዕለት ጉዴ የሰበሰበችው ሁሉ አንድ ባልዲ ጭቃ አያጠግብም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቢሊሴ ትልቅ ጆንያ እየጎተተች መጣች። ቢሊሴ ከጉዴ አምስት ቤቶች የአንዱ እመቤት ናት፤ ከወለደች አምስት ሳምንቷ ነው። ባሏ ፍሮምሳ ለቀን ሥራ አምቦ ሄዷል። ሕፃኑን አዝላ፣ ላቧ በግንባሯ እየወረደ፣ ጆንያውን ከጉዴ እግር ሥር አኖረችው።

«እንቺ አዴ ጉዴ።»

«ምንድን ነው?»

«ፍራሻችን ነው። ውስጡ ጭድ ነው፤ ያረጀ ነው እንጂ አልበሰበሰም።»

«ሕፃኑስ ምን ላይ ሊተኛ ነው?»

«እኔ ላይ። ከጭድ አላንስም።»

ጉዴ ጆንያውን በእጇ ዳሰሰችው። መሐሉ ላይ በሰው ገላ ልክ ጎድጉዷል።

«ይዘሽው ግቢ» አለቻት። «ይሄን ብመርገው ግድግዳው በክረምት ያለቅሳል።»

«እኔን ብለሽ ነገር እንዳይመጣብሽ። አንድ ቀን እንኳ ጭቃ አልረገጥኩም።»

«አራስ ጭቃ አትረግጥም። ግቢ ብዬሻለሁ።»

ነገሩ ግን በማግስቱ መጣ። ጋሮማ ለየቡድኑ መሪ አንድ አንድ ወረቀት አደለ። ርእሱ «ከልማት ወደ ኋላ የቀሩ ግለሰቦች መመዝገቢያ ቅጽ» ይላል። ተራ ቁጥር፣ ስም ከነአባት፣ ምክንያት፣ የመሪው ፊርማ። ከየቡድኑ ቢያንስ አንድ ሰነፍ ይጠበቃል። ስሙ የተጻፈ ሰው ከቤት መሥሪያ ቦታ ምሪት ዝርዝር ይሰረዛል። ቡድኔ ሰነፍ የለውም የሚል መሪ ካለ በባዶው መስመር የራሱ ስም ይገባል።

«የአንቺ እንኳ ቀላል ነው» አላት ጉዴን። «ቢሊሴ አለችልሽ። ለጉድጓዱ እግሯን አላሳየችውም።»

«አራስ ናት ኦቦ ጋሮማ።»

«አራስ የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

ቢሊሴና ፍሮምሳ ምሪት መጠበቅ ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጉዴና ባሏ ባይሳ ደግሞ ስምንት። ሦስት ልጅ ይዘው በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ተጣበው ይኖራሉ፤ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው አብሮ የሚገላበጥባት ክፍል። ዘንድሮ ይደርሳችኋል ተብለዋል።

ጉዴ ሁለት ሌሎች የቡድን መሪዎች አስከትላ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ገቡ።

«ኦቦ ጋሮማ፣ ሥራውን እምቢ አላልንም» አለች። «ጭድ ከተሰጠን ዓርብ እንጨርሳለን። ካልሆነ እስኪታጨድ ይጠበቅልን።»

«ሰነፎች ስለሆናችሁ ነው» አለ ጋሮማ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ሥራ የበዛበት ሰው ጭድ ጭድ ለማለት ጊዜ የለውም። ሂዱ ርገጡ።»

ሲወጡ ሁለቱ መሪዎች ጋሮማን አልወቀሱም። «እኚያ ሽማግሌ ናቸው ነገሩን ያበላሹት፤ በሹም ፊት ቀልድ ምን ያደርጋል?» ተባባሉ። ያንኑ ቀን ከሰዓት ቅጻቸውን ሞልተው አስገቡ፤ አንዱ አንካሳ ጎረቤቱን፣ ሌላው ያኮረፈውን አማቹን።

ሐሙስ ጠዋት ባይሳ ፈረሱን ጋሪው ላይ ሊጠምድ ሲል ጉዴን በር ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ቅዱሷን ገልጣ አገኛት። ቅጹ እንደ ዕልባት መሐሉ ገብቷል፤ ባዶ ነው።

«ጻፊያትና ይለቅልን» አለ ባይሳ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስምንት ዓመት የጠበቀ ሰው ነው። «ልጆች ናቸው፣ ነገ ሌላ ምሪት ይደርሳቸዋል። እኛ ግን ከዘንድሮ ወዲያ ማን ያስበናል?»

«ና እዚህ ጋ ስማኝ» አለች ጉዴ። ጣቷ ኦሪቱ ላይ ነው። «ፈርዖን እስራኤላውያንን ጭድ ከለከላቸው። ጡቡን ግን በቁጥሩ አምጡ አላቸው። ጭድ ፍለጋ በምድሩ ሁሉ ተበተኑ ይላል። አለቆቻቸው ተገረፉ፣ ሄደው አቤት አሉ፣ ሰነፎች ናችሁ ተባሉ። ከዚያ ሲወጡ ሙሴን ወቀሱት።»

«ይሄን ሰንበት ትምህርት ቤት ተምረነዋል።»

«ተምረነዋል። ግን ጭዱ የት ሄደ?»

«የቱ?»

«እስከ ትናንት ድረስ ሲሰጣቸው የነበረው ነዋ። አገሩ ሙሉ ጡብ ሲሠራበት የኖረ ጭድ ነው፣ በአንድ ሌሊት አይተንም። አለቆቹ ስጠን አሉ፣ ለቀሙ፣ ተገረፉ። አንድም ሰው ‹ለመሆኑ ያ ጭድ አሁን ማን ቤት ነው?› ብሎ አልጠየቀም።»

ባይሳ ፈረሱን ይዞ ቆመ። «አንቺ እዚያ ብትኖሪ ኖሮ» አለ፣ «ባሕሩ እስኪከፈል አይጠብቁሽም ነበር፤ ያኔውኑ ይጥሉሽ ነበር።»

ጉዴ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ፍለጋዋ አላደከማትም። ከጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ጀምሮ ጭድ በመንገዱ ተንጠባጥቧል፤ ከቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሏል፣ በዝናብ ተለጥፎ በአህያ ኮቴ ተረግጧል። ጭድ እንደ ሌባ አይደበቅም፤ የሚሄድበትን እየተናገረ ይሄዳል። ይህን መንገድ የቀበሌው ሰው ሁሉ በየቀኑ ይመላለስበታል። ሁሉም አይቶታል፤ ሁሉም ዘሎት አልፏል። ያኔ ሰው በሆዱ እንጂ በአፉ አይናገርም ነበር።

መንገዱ ጋሮማ በር ላይ አለቀ። ግቢው ውስጥ ለመስቀል ገበያ የሚደልቡ ሦስት በሬዎች ግርግም ላይ ናቸው፤ ከፊታቸው ነጭ የጤፍ ጭድ ከፋጉሎ ጋር ተለውሷል። ከወዲያ ከክምሩ የተረፈው ገና የሰው ቁመት ያህላል። የጋሮማ ሚስት ሮዛ ባልዲ ይዛ ቆማ ነበር።

«ጉዴ፣ ግቢ እንጂ።»

«አልገባም፣ ሰላም ልበልሽ ብዬ ነው። ሰንጋዎቹ አማረባቸው። ስማቸው ማን ማን ነው?»

ሮዛ ባልዲውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ከዚያ በባልዲው እየጠቆመች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ ቡሬ ነው፣ ከኦቦ ዲንሳ የገዛነው። ያ ዳለቻ፣ ጥቁሩ ጉራቻ» አለች። ጥያቄው ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ዓይኗንም ከመሬት አላነሳችም።

ጉዴ ቤቷ ገብታ እስክሪብቶ አነሳች።

ዓርብ የበላይ አካል ደረሰ። አንድ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ አምቦ ተወልዶ አምቦ ያደገ፣ ስልኩን ከእጁ የማይለይ ወጣት ባለሥልጣን ነው። ሕዝቡ ተመርጎ ካላለቀው ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ተቀመጠ። እንግዳው በከፊል የተመረጉትን ግድግዳዎች ዞሮ አየ፣ ተነጫነጨ፣ ከዚያ ቅጾቹን ተቀብሎ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። አንካሳው ጎረቤት ተነሥቶ በከዘራው ቆመ። ያኮረፈው አማች ተነሥቶ የበለጠ አኮረፈ።

«ቡድን ሦስት» አለ እንግዳው። «ቡሬ ጋሮማ።»

ማንም አልተነሣም።

«ቡሬ ጋሮማ አልመጣም?»

«ምሳ ላይ ነው» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

«በሦስት ሰዓት ምን ዓይነት ምሳ ነው? ዳለቻ ጋሮማ።» ዝም። «ጉራቻ ጋሮማ።» ዝም። እንግዳው ከወረቀቱ ቀና አለ። «ሦስት ወንድማማች ናቸው?»

«በአንድ ግርግም ነው ያደጉት» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ሕዝቡ ከንፈሩን ነከሰ። በዚያ አገር ቡሬም ዳለቻም ጉራቻም የሚባል ሰው ሞልቷል፤ ከመልክ የመጣ ስም ነው፣ ሰውም በሬም እኩል ይጠራበታል። እንግዳው አንድ ክፍል ውስጥ አብሮት የተማረ ዳለቻ ነበረው፤ በሬ በሐሳቡ አልመጣም።

ወደ ጋሮማ ዞረ። የጋሮማ ፊት አመድ መስሏል።

«ልጆችህ ናቸው?»

«አይ… እነሱ እንኳ…»

«አትሸፍንላቸው።» እንግዳው ቆመ። እንዲህ ያለ ዕድል በየቀበሌው አይገኝም። «ምክንያቱን ላንብብላችሁ። ‹ጠዋት ማታ ይበላሉ፤ አንድ ቀን ጭቃ አልረገጡም።› አያችሁ? የሊቀመንበር ቤተሰብ ነን ብለው ነው። በእኛ አሠራር ዝምድና አይሠራም። ድሃው ሲለፋ የሹም ልጅ ተኝቶ የሚደልብበት ዘመን አብቅቷል።»

ጭብጨባው ኮረብታውን አናጋው። ቡርቃ ጨፌ ለባለሥልጣን ንግግር ከልቧ ስታጨበጭብ ያኔ የመጀመሪያዋ ነው።

«አሁኑኑ ይቅረቡ» አለ እንግዳው፣ ሞቅ ብሎት።

«ቡሬን እኔ ላምጣው» አሉ ኦቦ ዲንሳ፣ ልብሳቸውን እያራገፉ ተነሥተው። «ድምፄን ያውቃል። የቀሩት እሱን ይከተላሉ።»

ጋሮማ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለት ተመለሰ። በእንግዳው ጆሮ ሊያንሾካሹክ ሞከረ፤ እንግዳው በእጁ ገፋው። ብዙም ሳይቆይ ኦቦ ዲንሳ በመንገዱ መታጠፊያ ብቅ አሉ። ከኋላቸው ሦስት ሰንጋዎች ሥጋቸው እየተናጠ፣ አፋቸው ላይ ጭድ እንደተንጠለጠለ፣ ረጋ ብለው መጡ። ቡሬ እንግዳው ፊት ቆሞ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ።

«ከእኔ ጋር ሲያርስ ሰነፍ አልነበረም» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «ሹም ቤት ከገባ ወዲህ ነው።»

ሳቁ እንዴት ይነገራል? አንካሳው ከዘራውን ጥሎ ሳቀ። ሮዛ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ሳቀች። እንግዳው ብቻ አልሳቀም፤ አንገቱ ድረስ ቀላ።

«ይሄን ማን ነው የጻፈው?»

ጉዴ ተነሣች።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ጉዴ።»

«ጉድሽንማ አየነው። ስምሽን ነው የጠየቅኩሽ።»

«እሱው ነው፣ ጌታው። ስሜም እሱው ነው፣ ሥራዬም ያው ያዩት ነው። ቅጹ ከልማት ወደ ኋላ የቀሩትን ጻፉ ይላል። ልማቱ ወደ ኋላ የቀረው በጭድ እጦት ነው። ጭዱን ደግሞ የበሉት እነዚህ ናቸው። ጥር ላይ እያንዳንዳችን በትከሻችን ተሸክመን ያመጣነው ጭድ ከጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ተነሥቶ ኦቦ ጋሮማ ግቢ ገብቷል። መንገዱ ላይ አሁንም አለ፤ በእግር ቢሄዱ ይመራዎታል።»

ሣሩ ላይ የተቀመጠው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በሆድ የኖረ ነገር በአፍ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ያንኑ በሆዱ የያዘውን ነው።

«ስብሰባው ለሻይ ይቋረጥ» አለ እንግዳው።

ሻይ አልነበረም። እንግዳውና ጋሮማ ከግድግዳው ጀርባ ሄደው ተነጋገሩ፤ ሲመለሱ አንደኛው ላቡን ጠርጎ፣ ሌላኛው የሸሚዙን ክሳድ አስተካክሎ ነበር።

«የጭዱ ጉዳይ በሂደት ይጣራል» አለ እንግዳው። «መመሪያ ግን መመሪያ ነው። ከብት አይመዘገብም። ከቡድንሽ አንድ ሰው ስጪኝ። ቢሊሴ የምትባል አለች አሉ።»

ቢሊሴ ከሴቶቹ መሐል ሕፃኑን እያጠባች ነበር። ጡቷን ከአፉ ነቀለች፤ ሕፃኑ ጮኸ።

«ቢሊሴን አልጽፍም» አለች ጉዴ።

«እንግዲያው መስመሩ ባዶ ስለማይሆን ያንቺ ስም ይገባል። ከምሪት ትወጫለሽ። ገብቶሻል?»

ጉዴ ወደ ባይሳ ተመለከተች። ባይሳ ከጋሪው አጠገብ አለንጋውን በእጁ ላይ ሲጠቀልል፣ ሲፈታ፣ ሲጠቀልል ቆየ። ስምንት ዓመት አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎበታል። በመጨረሻ አለንጋውን ጋሪው ላይ ወርውሮ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ፤ ቀጥይ እንደማለት።

«ይግባ» አለች ጉዴ።

እንግዳው የበሬዎቹን ስም ሰርዞ ጻፈ። ስሟን ከነአባቷ። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ሰጣት። «ፈርሚ።»

«ምክንያት የሚለው ባዶ ነው።»

«እሱ ግዴለም።»

«ምክንያቱ ሳይሞላ መሪ አይፈርምም። ያሠለጠኑን እንደዚያ ብለው ነው።»

እንግዳው እስክሪብቶውን መልሶ ያዘ። «ሰነፍ» ብሎ ሊጀምር ሲል የእሷ ቡድን ግድግዳ ፊት ለፊቱ ገጠመው፤ ከሁሉም ከፍ ብሎ የተመረገው እሱ ነው። «እምቢተኛ» እንዳይል ሥራውን እምቢ አላለችም። ፀሐዩ እየከረረ ሄደ። ሕዝቡ አልተነሣም፣ አልተንጫጫም፤ አንድ ባለሥልጣን ምክንያት ሲፈልግ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር።

በዚህ መሐል ወርቅቱ የምትባለው የቡድኑ ባልቴት ተነሥታ ገመዷን ከወገቧ ፈታች፤ ሌሎች ሴቶች ተከተሏት። ወደ ጋሮማ ግቢ ሄዱ። ሮዛ ቀድማቸው ደርሳ በሩን ከፍታለች፤ ለወርቅቱ መንሹን አቀበለቻት። የመጀመሪያው ሸክም ጭድ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሲወርድ እንግዳው ገና አልጻፈም። ጋሮማ አንዴ በሬዎቹን፣ አንዴ ሚስቱን ያያል፤ የቱን እንደሚያስመልስ ቸግሮታል።

«እንዲህ ብለው ይጻፉት» አለች ጉዴ። «ጭዱ የት እንደሄደ ስለጠየቀች።»

እንግዳው ወደ መኪናው አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ሴቶቹን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጻፈው። ጉዴ ፊደል በፊደል አነበበችና ስሟን ሰፋ አድርጋ ፈረመች።

«አሁን የእኔን ቅጂ ይስጡኝ። ማኅተም ይደረግበት።»

«ለምን ይሆንሻል?»

«ልጆቼ አድገው ቦታ ለምን አጣን ሲሉኝ፣ በማኅተም የተረጋገጠ መልስ ይኑረኝ።»

እንግዳው በትርፍ ቅጽ ላይ ገለበጠላት፤ ማኅተሙ ጋሮማ ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥቶ በአፉ ተነፈሰበት። ዓይኑ በሬዎቹ ላይ ስለነበር መጀመሪያ የመታው ጉልበቱን ነው፤ ሁለተኛው ወረቀቱ ላይ አረፈ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ጉዴ ቀሚሷን ሰብስባ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። አዲሱ ጭድ ከጭቃው ጋር ሲቀላቀል እግርን ይኮሰኩሳል። ኦቦ ዲንሳ ከጎኗ እየረገጡ በክርናቸው ነካ አደረጓት። ፊደል አልቆጠሩም።

«ያንን ወረቀት እስቲ አንብቢልኝ።»

ከጉያዋ አውጥታ፣ ጭቃ እንዳይነካው በሁለት ጣቷ ይዛ አነበበችላቸው።

«አማርኛው ጥሩ ነው» አሉ ኦቦ ዲንሳ፣ ሳይስቁ። «አንዴ ድገሚውማ፤ እነዚያ ዳር ያሉት አልሰሙም።»